ካርድ ቁጥር 87፦ ተነበየ

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ታላቅ እህቴ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ለተወለዱ ልጆች አማርኛ ታስተምራለች። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ የግስ ካርድ እሠራላታለሁ። ለአንድ ግስ አንድ ካርድ። ፊቱ ላይ ግሱ፣ ጀርባው ላይ ፍቺ፣ እርባታና ሁለት ምሳሌ። 120 ካርድ እሠራለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። 86ቱ አልቀዋል። የዛሬው «ተነበየ» ነው።

ሃያ ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። ጀርባው ላይ ይህን ጻፍኩ፦

ተነበየ፦ ወደፊት የሚሆነውን አስቀድሞ ተናገረ።
እርባታ፦ ይተነብያል፣ ተንብዮአል፣ ይተንብይ፣ መተንበይ።
ምሳሌ፦ ኢሳይያስ ስለ መሲሑ መምጣት ተነበየ። ባለሙያዎች በዚህ ክረምት ብዙ ዝናብ እንደሚዘንብ ተነበዩ።

ንጹሕ ካርድ። ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ነገ ወደ 88።

ግንቦት 17፣ እሑድ

88 ቀረ። እህቴ ትናንት ካርዱን ለልጆቹ አሳይታ የየራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ጻፉ ብላቸው ነበር። ዛሬ ጠዋት ደብተራቸውን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። እነሆ፦

«እናቴ ዛሬ ማታ ፒዛ እንደምትሠራ እተነብያለሁ።»

«ሰኞ ትምህርት ቤት እንደምሄድ ተንብያለሁ።»

«ወንድሜ ሶፋው ላይ እንደሚተኛ ተነበይኩ። ተኛ።»

የመጨረሻው ልጅ ጸሐፊ ሳይሆን አይቀርም። ቀጥሎ የእህቴ ድምፅ አለ፦ «አንተ፣ ሰዋስዉን ብታየው አንድ ስሕተት የለበትም። ግን ሁሉም ልክ አይደለም። አሁን ምን ብዬ ነው የማርማቸው?»

ሦስት ጊዜ ሰማሁት። እውነቷን ነው። ግሱ በትክክል ረብቷል፣ «እንደምት» ያለችው ቦታዋ ላይ ናት። ካርዴ ያለውን ነው የሠሩት። ፒዛዋ ደግሞ ወደፊት የሚሆን ነገር ናት፤ ልጅቷም አስቀድማ ተናግራለች። ሆኖም ያንን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ኤልያስ ከሠረገላው ወርዶ ስለ እራት የሚያወራ ነው የመሰለኝ።

ስለዚህ ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፣ የካርዱ ነው። «እትዬ፣ እስከሚቀጥለው ሳምንት ታገሺኝ» አልኳት። (ሳምንት አልበቃም፤ ታያላችሁ።)

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

ከሥራ መልስ ግሱን እንደ ሰዓት ጠጋኝ ፈታታሁት።

መጀመሪያ የያዘችኝ «ተ» ናት። በ«ተ» የሚጀምር የአማርኛ ግስ ስታዩ አብዛኛውን ጊዜ «ተ»ዋ እንግዳ ናት። ግሱ በ«ይ» ሲረባ ትጠፋለች። ተመለሰ፣ ይመለሳል። ተቀበለ፣ ይቀበላል። በዚህ መንገድ ብንሄድ ተነበየ «ይነበያል» ሊሆን ነበር። እንዲህ የሚል ሰው ግን የለም፤ ይተነብያል ነው የምንለው። እንግዳ ሆና የመጣችው «ተ» ቤቱን ወርሳለች።

ይህን የሚያሳይ ሌላም ነገር አለ። መረመረ፣ ምርመራ። ጠነቆለ፣ ጥንቆላ። ተነበየ፣ ትንበያ። ባለ አራት ፊደል ግሶች ስም የሚያወጡበት ቅርጽ ነው፤ «ተ»ዋም እንደ «መ» እና እንደ «ጠ» ከአራቱ አንዷ ሆና ተቆጥራለች። ነገሩ ሲደረግበት ደግሞ ሌላ «ተ» እንጨምራለን፦ ተተነበየ።

ይህ ለልጅ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ያደርጋል። «ይተነብያል» የሚናገረው ሰው ነው፤ «ይተነበያል» የሚነገረው ነገር ነው። አንድ ፊደል ናት ልዩነታቸው። «እንደተነበየው» እና «እንደተተነበየው»ም እንዲሁ። ፌስቡክ ላይ ሁለተኛዋ «ተ» ብዙ ጊዜ ትዋጣለች፤ «ዝናቡ እንደተነበየው አልመጣም» ብሎ የሚጽፍ አለ። ዝናቡ ራሱ ነው የተነበየው?

ከዚያ ወደ «ተንብዮአል» ስመጣ ራሴን ያዝኩ። ተንብዮአል፣ ተንብዮዋል፣ ተንብይዋል… አንዱ ሲጽፈው ሌላው ያርመዋል። ብዙ ሰዎች ከሆኑ ደግሞ «ተንብየዋል» ነው፤ ከ«ተንብዮዋል» የምትለየው በ«የ» እና በ«ዮ» ብቻ ናት። ትልልቅ ሰው ስናከብርም «ተንብየዋል» ስለምንል ልጆቹ እዚህ ላይ እንደሚያለቅሱ ይታየኛል።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን የፒዛዋን ጥያቄ አልመለሰም። ማታውን አጠፋሁት።

ግንቦት 24፣ እሑድ

ትናንት ማታ የቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ነበር። ሰፈራችን ያለ ካፌ ገባሁ። ኳስ አፍቃሪ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። «ሰው ስለ ውጤት ሲያወራ ግሱን እሰማው ይሆናል» ብዬ ትንሽ ደብተር ይዣለሁ። ሙያ ነው እንግዲህ።

ጨዋታው በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀመረ። ከዚያ በፊት ቤቱ ሁሉ ጫጫታ ነበር። «ማን ይወስዳል ትላለህ?» «እኔ ኢንተር ነው የምለው፤ ልምድ አላቸው።» «ሁለት ለአንድ ነው፣ በል አስይዝ!» ጎረቤቴ ኢንተር ብሎ ምሳ አስያዘ። ፒኤስጂ 5 ለ 0 አሸነፈ። ምሳዬን ማክሰኞ እበላለሁ።

ለካርዱ ግን አንድም ነገር የለም። ሁለት ሰዓት ከምናምን ጆሮዬን አቁሜ «ተነበየ» የሚል አንድ ሰው አልሰማሁም። ደብተሬ ባዶ ነው። የሰማሁትን ወሬ እንዲሁ ለማስታወስ ያህል ከላይ ጻፍኩት።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

ደብራችን ውስጥ ግእዝ የሚያስተምሩ የኔታ አሉ። ሄድኩ።

«የኔታ፣ ተነበየ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ነቢይ ሆነ፣ የነቢይ ሥራ ሠራ ማለት ነው።»

«ስለሚመጣው ነገር ተናገረ ማለት አይደለም?»

«እሱም አለበት። ግን ነቢይ ኃላፍያትንም መጻእያትንም፣ ያለፈውንም የሚመጣውንም ነው የሚናገር። ሙሴ ስለ ፍጥረት ሲነግርህ ስለ ነገ ነው እንዴ የነገረህ? ተልኮ ነው የሚናገረው። መላኩን ነው የምታየው ልጄ፣ ቀኑን አይደለም።»

እዚያው ካርዴን መቅደድ አማረኝ። «ወደፊት የሚሆነውን አስቀድሞ ተናገረ» ብዬ የጻፍኩት ቃሉ ኋላ ያገኘው ትርጉም ነው። የመጀመሪያው የተላከ ሰው ንግግር ነው።

የኔታ ግእዙንም አረቡልኝ፦ ተነበየ፣ ይትኔበይ፣ ይትነበይ። እዚህ ላይ «ተ»ዋ ገና እንግዳ ናት፤ ከ«ይ» ቀጥላ «ት» ሆና ብቅ ትላለች። በኢዮኤል ትንቢት «ይትኔበዩ ደቂቅክሙ» የሚለው ይኸው ነው። ቤት ገብቼ የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ስገልጥ ግን እዚያው ቦታ ላይ «ትንቢት ይናገራሉ» ይላል። ይተነብያሉ አላለም። ዘካርያስም መንፈስ ቅዱስ ሲሞላበት «ትንቢት ተናገረ» ነው የሚለው። ሃይማኖታዊውን ነገር አማርኛ በሁለት ቃል ነው የያዘው። የሰበካ ሰዎችም፣ የጸሎት ቤት ሰዎችም ስትሰሟቸው «ትንቢት ተናገረልኝ»፣ «ትንቢት መጣልኝ» ነው የሚሉት። ለብቻው የቆመውን «ተነበየ» ማን ወሰደው? ይህን ልብ ብያለሁ፤ እመለስበታለሁ።

ቃሉ ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። ዕብራይስጡ ነቢይን «ናቪ» ይላል፤ ዐረብኛው «ነቢይ» ይላል። ወሎ ውስጥ መንዙማ ላይ «ነቢ» ስትሰሙ ያው ቃል ነው፤ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ይጋሩታል። የሴም ቋንቋ አጥኚዎች አብዛኞቹ ሥሩን ከአካድኛው «ናቡ» ጋር ያያይዙታል፤ መጥራት፣ መሰየም ማለት ነው። እንግዲህ በቃሉ ውስጥ ዓይን የለም፤ ነገን ማየት የለም። አፍ ነው ያለው። ማየቱ «ራእይ» ውስጥ ነው ያለው። ራእይ ደግሞ ዛሬ የት እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ከ«ተልዕኮ» እና ከ«እሴቶች» ጋር ተሰልፎ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

አንድ ነገር ልጨምር። የኔታ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት አውጥተው «ፈልግ» አሉኝ። በሀለሐመ ተራ ስገልጥ ስገልጥ «ነ»ን አጣኋት። ሳቁብኝ። ተራው በአበገደ ነው። «ነ» የምትገኘው ከ«መ» ቀጥሎ ነው። ቃሉን በ«ተ» ስር መፈለግም አይቻልም፤ ለግእዝ «ተ»ዋ እንግዳ ናት አላልኳችሁም?

ሰኔ 1፣ እሑድ

ዛሬ መቀያየር ነው የሠራሁት። ሁለት ስሞች አሉን፦ ትንቢት እና ትንበያ። ከአንድ ሆድ ነው የወጡት። አንዱ ባለበት ሌላውን ብተካ ምን ይሆናል?

«የአየር ትንቢት»፦ ሳቅሁ። «የኤርምያስ ትንበያ»፦ ኤርምያስ ካርታ ፊት ቆሞ በእጁ ደመና ሲያሳይ ታየኝ።

ከዚያ ምን ግስ እንደሚከተላቸው ጻፍኩ። ትንቢት ይፈጸማል። ይደርሳል። ትንበያ አይፈጸምም፤ ይሳካል ወይም ይሳሳታል። ትንቢትን ሐሰተኛ ነው ልትለው ትችላለህ፤ ተሳስቷል ግን አትለውም። ሐሰተኛ ነቢይ አለ፣ የተሳሳተ ነቢይ ሲባል ግን ጆሮ አይቀበለውም። ደግሞ ትንበያ ይከለሳል። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የኢኮኖሚ ትንበያውን በሚያዝያ ወር አካባቢ ያወጣል፤ በሐምሌ ያሻሽለዋል፤ በጥቅምት እንደገና ያወጣል፤ በጥር ደግሞ ይነካካዋል። ማንም አይቆጣም። ነቢይ ግን «ባለፈው ያልኩትን በግማሽ ዝቅ አድርጌዋለሁ» ብሎ ቢመጣ ድንጋይ ነው የሚነሣበት።

አሁን ማን እንደወሰደው ገባኝ። ለብቻው የቆመውን «ተነበየ» የወሰደው ዜና ነው። «ኢኮኖሚው ያድጋል ሲል ተነበየ»፣ «ዋጋ እንደሚንር ተንብዮአል»። በ«ሲል» ይመጣል፣ ወይም በ«እንደሚ»፣ ወይም በስም፦ «ውድቀቱን ተነበየ»። ተናጋሪው ድርጅት ነው፣ ባለሙያ ነው፣ ጥናት ነው። ሁልጊዜ ሌላ ሰው።

ከዚያ የሚቲዎሮሎጂ መግለጫዎችን አነበብኩ። በክረምቱ የት የት ከመደበኛ በላይ፣ የት መደበኛ፣ የት ከመደበኛ በታች ዝናብ እንደሚያገኝ የሚናገሩትን ነው። የገረመኝ፣ ባለሙያዎቹ ራሳቸው «እንተነብያለን» ማለት አይወዱም። «ዝናብ ይጠበቃል» ይላሉ። «ሊኖር ይችላል» ይላሉ። «የትንበያ መረጃዎች ያመለክታሉ» ይላሉ፤ መረጃው ነው የሚያመለክተው፣ እኔ የለሁበትም እንደማለት። «ተነበዩ» የሚላቸው ወሬውን የሚዘግበው ጋዜጠኛ ነው።

ይህ ከሃያ ደቂቃው ካርድ የሚበልጥ ነገር ነው። ግሱን ባለቤቱ ስለራሱ አያወራበትም። ሌሎች ናቸው የሚሉለት። ኢሳይያስም «ተነበይኩ» ብሎ አልጀመረም፤ «እግዚአብሔር እንዲህ ይላል» ነው ያለው። ፒዛ ያለችው ልጅ ግን «እተነብያለሁ» አለች። አንደኛው ስሕተት «እ» ላይ ነው!

ለእህቴ ይህን ስነግራት «ታዲያ በእንግሊዝኛ ሁልጊዜ እንደዚያ እኮ ነው የሚሉት» አለችኝ። አዎ። የእንግሊዝኛው ቃል (predict) ከላቲን የመጣ ነው፤ አስቀድሞ ማለት እና መናገር ተጋጥመው የተሠራ። ነቢይ የለበትም። ማንም ያነሣዋል፣ ማንም ይጥለዋል። እነዚህ ልጆች የእንግሊዝኛውን ክብደት ይዘው በአማርኛው ላይ ጭነውታል። የእኛው ዛሬ ዜና ቤት ቢያድርም ነቢዩ ገና ከውስጡ አልወጣም።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ለእማዬ ደወልኩ። «እማዬ፣ ዘንድሮ የኩሽናው ጣሪያ ሳያፈስ አይቀርም» አልኳት።

«አታሟርት!»

ስልኩን ሳልዘጋ ጻፍኩት። ማሟረት! ይኼን ግስ እንዴት ረሳሁት? ስለሚመጣ ነገር መናገር ነው፤ ግን ክፉውን ብቻ፤ ደግሞም መናገሩ ራሱ ነገሩን የሚጠራው ይመስል። ሟርተኛ ጥፋተኛ ነው። ጣሪያው ቢያፈስ ቆርቆሮው ሳይሆን እኔ ነኝ የምወቀሰው። «ተነበየ» ስለ ደግም ስለ ክፉም ይሆናል፤ ልዩነቱን የሚነግርህ ጅራቱ ነው። «ትንቢት ተናገረለት» ካልክ ደግ ነገር ነው፤ «ትንቢት ተናገረበት» ካልክ ሰውየው ቢሸሽ ይሻለዋል። ሟርት «ለት» የሚባል የለውም። «አሟረተብኝ» ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ዝርዝሩ አላቆም አለኝ። ጠንቋይ ይጠነቁላል። ኮከብ ይቆጠራል። ሞራ ይነበባል፤ የታረደው በግ ስብ ተዘርግቶ መልኩ ይታያል ማለት ነው። ሲኒም ይነበባል። ሕልም ይፈታል። ንግርት አለ፤ «ድሮም ተነግሮለት ነበር» የሚባለው። ገድ አለ፣ ምልኪ አለ። ሁሉም ስለ ነገ ናቸው። ሁሉም የየራሳቸው ግስ አላቸው። አንዳቸውም «ተነበየ»ን አይበደሩም። ሞራ አንባቢው «ተነበየ» አይባልም፤ «አነበበ» ነው የሚባለው፤ ነገሩ እዚያ ተጽፏልና።

እንግዲህ አማርኛ የሚጠይቀው «ስለ ነገ አወራህ ወይ?» ብሎ አይደለም። «ከየት አመጣኸው?» ብሎ ነው። ከላከህ፣ ከቁጥር፣ ከስብ፣ ከሲኒ፣ ከሕልም? መልሱ ግሱን ይመርጥልሃል።

ደግሞ ግልጽ ለሆነው ነገር ከእነዚህ አንዱም አያስፈልግም። እሱን በአንድ አባባል ጨርሰነዋል፦ «ይህን ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም።» የሶፋው ልጅ ጉዳይ ይኸው ነው። ወንድሙ በየቀኑ ነው የሚተኛው።

ሰኔ 8፣ እሑድ

ዛሬ ከመንገድ ወጣሁ፤ ግን ደስ የሚል መንገድ ነበር።

የኔታ ጋ ካርዴን ላሳይ ሄጄ ስለ ባሕረ ሐሳብ፣ በዓላትና አጽዋማት ስለሚወጡበት ስሌት፣ ተነሣ። «በል የዘንድሮን ፋሲካ አውጣ» አሉኝ። ወረቀት ሰጡኝ። 5500 እና 2017 ደመርኩ፤ ዓመተ ዓለሙ 7517 ነው። በ19 ገደፍኩት፣ አካፍዬ ትራፊውን ያዝኩ ማለት ነው፤ 12 ተረፈ። አንዱን ለዘመን ትቼ 11 ወንበር ሆነ። 11 ጊዜ 19፣ 209። በ30 ሲገደፍ 29፤ ይህ መጥቅዕ ነው። መስከረም 29 ረቡዕ ዋለ። የረቡዕ ተውሳክ፣ ለዕለቱ የተመደበው ተደማሪ ቁጥር፣ 4 ነው። ደምሬ 33፣ በ30 ስገድፈው 3። ነነዌ የካቲት 3 ገባች ማለት ነው። ከዚያ 69 ቀን ቆጠርኩና ሚያዝያ 12 ላይ ደረስኩ። ፋሲካ የዋለው ያን ዕለት ነው! በእጄ ሠርቼ ስለደረስኩ እንደ ልጅ ነው የተደሰትኩት። (ኮከብ ቆጣሪዎችም የሰውና የእናቱን ስም ቁጥር ደምረው በ12 ሲገድፉ በዚሁ ቃል ነው የሚጠቀሙት።)

ታዲያ የኔታን ጠየቅኋቸው፦ «የሚመጣውን ዓመት ፋሲካ ቤተ ክርስቲያን ተነበየች ይባላል?»

«ምን ልትተነብይ? አወጣችው እንጂ።»

ይኸው ሁለተኛው ስሕተት። የተቆጠረ ነገር አይተነበይም። ቀኑ የታወቀ፣ ሰዓቱ የተቆረጠ ነገር «ተነበየ»ን አይፈልግም። «ሰኞ ትምህርት ቤት እንደምሄድ ተንብያለሁ» ያለው ልጅ ፋሲካን እንደተነበየ ሰው ነው። ሰኞ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ አለቀ። ደግሞ አማርኛ ለዚህ የተለየ የወደፊት ቅርጽ እንኳ አላበጀም። «እሄዳለሁ» ዘወትርም ነው፣ ነገም ነው።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

የቀረኝ ፒዛዋ ናት። «እተነብያለሁ» አትበይ አልናት፤ እሺ፣ ምን ትበል? ልጅን አትበይ ብሎ መተው መምህርነት አይደለም።

ሚካኤል ስለሆነ እማዬ ጋ ነው የዋልኩት። ልብስ አጥባ አስጥታለች። ቀና ብላ ወደ እንጦጦ አየች። «ጠቁሯል። ሳይዘንብ አይቀርም» አለች። ትንሽ ቆይታ «ሊጥል ነው፣ ተነሥ!» አለችኝ። ልብሱን ሰብስበን ሳንጨርስ መጣ። ስልኬ ላይ ያለው ትንበያ ፀሐይ ነበር የሚያሳየው።

ከዝናቡ ጋር ቁጭ ብዬ ያለችውን ጻፍኩ። ካርዱ ላይ የሌለው ሁሉ እዚያ ነው። «ይዘንብ ይሆናል»፦ አላውቅም፣ እጄን አላስገባም። «ሊዘንብ ይችላል»፦ ትንሽ ከፍ አለ። «ይዘንባል ብዬ እገምታለሁ»፦ ቢሮ ሸተተ፤ ደግሞ ግምት ስላለፈውም ይሆናል፣ ያየኸውን ሰው ዕድሜም ትገምታለህ። «ሳይዘንብ አይቀርም»፦ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው። ሳይዘንብ መቅረቱን ነው የሚክደው፤ እርግጠኛ ለመሆን አንድ እርምጃ ይቀረዋል፣ ያችን እርምጃም ሆን ብሎ አይረግጣትም። «ሊዘንብ ነው»፦ በቃ፣ ልብሱን አንሣ። «ልቤ ነግሮኛል» የሚባልም አለ፤ እሱ ግን ለዝናብ አይሆንም፣ ለሰው ነው።

አንድም ግስ የ«ተነበየ» ዘመድ አይደለም። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ዝናብ ስትናገር ኖራ ቃሉን አንድ ቀን ስለራሷ ያለችው አይመስለኝም።

ከዚያ የግንቦት 24ን ማስታወሻ ወደ ኋላ ሄጄ አነበብኩ። ራሴን በጥፊ ልመታ ትንሽ ነው የቀረኝ። «ማን ይወስዳል ትላለህ?» «እኔ ኢንተር ነው የምለው።» በእጄ ጽፌ «አንድም ነገር የለም» ብያለሁ! ያ ሁሉ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲተነብይ ነበር፤ ግሱ «አለ» ነበር። ትላለህ፣ እላለሁ፣ ምን ትያለሽ። «ብዬህ ነበር!» ማለት ደግሞ የተሳካለት ሰው ድል ነው። እኔ ግን «ተነበየ»ን ብቻ እያደንኩ ስለነበር በጆሮዬ ስር ሲያልፍ አላየሁትም።

ደስ የሚለው፣ ይህም አፍ ነው። ናቡም አፍ ነው፣ ትንቢት መናገርም አፍ ነው፣ «እላለሁ»ም አፍ ነው። ነቢዩ ትልቁን ግስ ወሰደ፤ እኛ ትንሹ ቀረልን። ካፌ ውስጥ የሚበቃውም ትንሹ ነው።

ለእህቴ ወዲያው ደወልኩ። እዚያ ገና ረፋድ ነው። «እላለሁ በይው!» ብዬ ጮህኩባት። «ምኑን?» አለችኝ።

ሰኔ 15፣ እሑድ

አዲሱ ካርድ ትናንት ክፍል ገባ። ጀርባው እንዲህ ነው፦

ተነበየ፦ ነቢይ ወይም የሚያውቅ አካል ገና ያልታወቀውን አስቀድሞ ተናገረ። ስለ ሌላ ሰው፣ ስለ ባለሙያ፣ ስለ ድርጅት ነው የምንለው። ስለ ራስህ ስታወራ «… እላለሁ» ወይም «ሳይ… አይቀርም» በል።
ይተነብያል (ተናጋሪው)፣ ይተነበያል (ነገሩ)።
ትንቢት ይፈጸማል። ትንበያ ይሳካል፣ ይሳሳታል፣ ይከለሳል።
ምሳሌ፦ ባለሙያዎቹ የዘንድሮ ክረምት ዝናብ ከመደበኛ በላይ እንደሚሆን ተነበዩ። እማዬ ግን «ዘንድሮ አይዘንብም እላለሁ» አለች።

«ከመደበኛ በላይ» የምትለዋ ለልጆቹ ከባድ ናት ብላ እህቴ አውጥታት «ብዙ» አድርጋዋለች። ተሟግቼ ተሸነፍኩ። «ተንብዮአል»ን ደግሞ ከካርዱ ላይ ሙሉ በሙሉ አነሣሁት። ፈርቼ ነው።

ካርዱ ጠባብ ስለሆነ ሟርት አልገባችም። ለብቻዋ ካርድ ይገባታል። ባሕረ ሐሳብም ቀረ፤ እህቴ «እነሱ ገና ማካፈል እየተማሩ ነው» አለችኝ።

የልጆቹ ዓረፍተ ነገር ዛሬ ጠዋት መጣ። ፒዛ ያለችው፦ «እናቴ ዛሬ ፒዛ ሳትሠራ አትቀርም። ትናንት ቺዝ ገዝታለች።» ማስረጃዋንም አብራ አቀረበች። ትምህርት ቤት ያለው ልጅ ግሱን ጨርሶ ትቶት «ሰኞ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ» ብሎ ጽፎ፣ ከጎኑ የሚያዝን ፊት ሥሏል። የሶፋው ልጅ፦ «ወንድሜ ሶፋው ላይ እንደሚተኛ ሳይንቲስቶች ተነበዩ።»

እህቴ ይኼኛውን ላርመው ወይስ ልተወው ብላ ጠይቃኛለች። ተይው አልኳት።

ቀጥሎ ካርድ 88፣ «ተመኘ»። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል እላለሁ።